የአንባቢያን ጥያቄ፦ የለንደን ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለ ሳቅ

ባለፈው እትም ስለ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ካርቱን ሁለት ሦስት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። በጣም ደስ ብሎኛል። ሥራዬ የህትመት ሥዕል ማስተማር ነው። መዳብ ስጭር፣ ቀለም ስጠርግ ነው የምውለው። እነዚህን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በመዳብ ሰሌዳ እየታተሙ የተሸጡ የስላቅ ሥዕሎች የምወዳቸው ስለሚያስቁ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሠራቸው፣ ሌላ ሰው ሳንቲም ቆጥሮ የሸጣቸው ዕቃዎች ናቸው። ይህን ከረሳን ሥዕሉ ያለውን ሁሉ እንደ ምስክር ቃል እንቀበላለን። ከመጡት ደብዳቤዎች ስድስቱን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዳማ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ናፖሊዮን ሳስተምር ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ክብ ነገር ሲቆርጡ የሚያሳየውን ሥዕል ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። “ምንድን ነው የሚበሉት?” ይሉኛል። “ዓለምን እየተካፈሉ ነው” ከማለት ያለፈ መልስ የለኝም።

መልስ፦ መምህር፣ የሚበሉት ፑዲንግ ነው። ዱቄት፣ ዘቢብና ሞራ ተለውሶ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚቀቀል የእንግሊዞች የገና ምግብ ነው። በጨርቅ ስለሚቋጠር እንደ ኳስ ድቡልቡል ይሆናል። ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ ያንን ድቡልቡል አየና የዓለምን ካርታ ሳለበት። ሥዕሉ ለሽያጭ የወጣው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1805 ነው። ፑዲንጉ ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ይታያል።

በግራ በኩል ያለው ቀጭን ረጅም ሰው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊሊያም ፒት ነው። በቀኝ ያለው ናፖሊዮን። እኔ ብሆን ለተማሪዎቹ መጀመሪያ እጆቻቸውን አሳያለሁ። ፒት ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ነው የሚቆርጠው። ሹካው ሦስት ጥርስ አለው፤ የግሪክና የሮም ሰዎች ለባሕር አምላካቸው የሚያስይዙት ዓይነት ጦር ነው። ቢላውም የሚያልፈው በውቅያኖሱ ላይ ነው። ናፖሊዮን ግን ከወንበሩ ብድግ ብሏል። አልደረስ ብሎታል። በያዘው ጎራዴ አውሮፓን ይገምሳል። ትልቅ ላባ የሰካበት ባርኔጣው ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም።

ከዚያ ቁራሾቹን ያስለኩ። የፒት ቁራሽ ይበልጣል። ይህን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ጊልሬይ እንግሊዛዊ ነው፤ ሥዕሉን የሚገዙትም እንግሊዞች ናቸው። ቢሆንም የራሱን አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ከጠላት እኩል ሆዳም አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍም ይህ ሰፊ ዓለም ራሱ ለእንዲህ ያለ የማይጠግብ ሆድ እንደማይበቃ ይናገራል። የተጻፈው ለሁለቱም ነው።

ወቅቱን ደግሞ ይጨምሩላቸው። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ናፖሊዮን ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የሰላም ደብዳቤ ልኮ ነበር። ሥዕሉ “ሰላም ማለት ይህ ነው፤ መካፈል ነው” ይላል። ከስምንት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር፣ እንግሊዞች ትራፋልጋር ላይ የፈረንሳይንና የስፔንን መርከቦች ደመሰሱ። በዲሴምበር ደግሞ ናፖሊዮን አውስተርሊትዝ ላይ የሩሲያንና የኦስትሪያን ጦር ሰበረ። ባሕሩ ለአንዱ፣ የብሱ ለሌላው ሆነ። ልክ ጠረጴዛው ላይ እንደተቆረጠው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። እሁድ ገበያ ላይ “የጊልሬይ ሥራ ነው” ተብዬ አንድ ሥዕል ገዛሁ። ቀለም አልተቀባም። ጀርባው ላይ ሌላ ሥዕል አለ። ተሸወድኩ እንዴ?

መልስ፦ አልተሸወድሽም፣ እህቴ። ግን የገዛሽው ጊልሬይ በሕይወት እያለ የታተመውን አይመስለኝም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት የ1851 ህትመት ነው። ሄንሪ ቦን የሚባል አሳታሚ የጊልሬይን የመዳብ ሰሌዳዎች ገዝቶ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ፣ ብዙዎቹን ፊትና ጀርባ አድርጎ አተማቸው። ቀኝ ጥግ ላይ ከላይ በኩል ቁጥር ካለው ጥርጣሬሽ ያበቃል። ሰሌዳው የጊልሬይ ነው። መስመሩም የእጁ ነው። የማተሚያው ቀን ብቻ ነው የዘገየው። ጠብቀሽ ያዢው።

ፎቶ ኮፒ አለመሆኑን ለማወቅ ወረቀቱን ወደ መስኮት ወስደሽ አጋድመሽ እይው። በሥዕሉ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ አራት ማዕዘን መስመር አለ? የመዳቡ ጠርዝ ነው። ወረቀቱ እርጥብ ሳለ ከመዳቡ ጋር በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መሃል ሲያልፍ ወረቀቱን ተጭኖት ያለፈበት ምልክት ነው። ጣትሽን ቀስ አድርገሽ ብታሳልፊበት ይሰማሻል።

አሠራሩን በደንብ ላስረዳ፤ የሚወደው ሰው ብዙ ነው። ለስላሳ የመዳብ ሰሌዳ ይወሰድና ላዩ ላይ ሰም ያለበት ልባስ ይቀባል። ልባሱ በሻማ ጭስ ይጠቁራል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይስላል። መርፌው ባለፈበት ሁሉ መዳቡ ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል። ከዚያ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ሰሙን አይነካም፤ የተጫረውን መዳብ ግን ይበላዋል። ሰሙ ሲጠረግ መስመሩ ቦይ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ ወረቀት ይጫንበታል።

አስቸጋሪው አሲዱ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪ ሳለሁ ሰሌዳዬን አሲድ ውስጥ ከትቼ ወሬ ያዝኩ። ሳወጣው የፊቱ ቀጫጭን መስመሮች ሁሉ ተያይዘው አንድ ጥቁር ጉድጓድ ሆነዋል። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ጊልሬይ ግን ፓርላማ ውስጥ የሆነውን ነገር ሰምቶ፣ ስሎ፣ አሲድ አስበልቶ በቀናት ውስጥ ለሽያጭ ያደርስ ነበር። ይህን ሳስብ እጄ ይርዳል።

ሌላም አለ። ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣው ንግግር በሙሉ መዳቡ ላይ የሚጻፈው ተገልብጦ ነው፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ። የጊልሬይ ሥዕሎች ደግሞ ጽሑፍ በጽሑፍ ናቸው።

ቀለሙ በማሽን አይደለም። ቅጥር ሠራተኞች አንድ በአንድ በብሩሽ በውሃ ቀለም ይቀቡታል። ከአራት ዓመት በፊት ብሪቲሽ ሙዚየም ሄጄ ነበር። እዚያ የህትመትና የንድፍ ሥራዎች ማያ ክፍል አለ፤ ቀጠሮ የያዘ ሰው በነፃ ገብቶ ሥዕሎቹን ፊት ለፊት ያያል። አንዱ ቅጂ ላይ የወታደሩ ኮት ቀይ ቀለም ትከሻው ጋ ከመስመሩ ወጣ ብሏል። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ያንን ብሩሽ የያዘው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ከሥዕሉ ሁሉ ዓይኔ የቀረው እሷ ላይ ነው። ለንደን ካለሽ ሄደሽ እዪ። የዚያ ሙዚየም የስላቅ ሥዕሎች ካታሎግ ብቻውን 11 ቅጽ ነው፤ ከ17,000 በላይ ሥዕል ተመዝግቦበታል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ማን ነበር የሚገዛው? ድሃውስ ያየው ነበር?

መልስ፦ ዋጋውን ልንገርህ። ቀለም ያልተቀባው በተለምዶ 6 ፔንስ፣ የተቀባው 1 ሺሊንግ ነበር። ያኔ 12 ፔንስ 1 ሺሊንግ ነበር። ትልልቆቹና የጊልሬይ ሥራዎች ከዚያም በላይ ያወጣሉ። ለቀን ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ የሚገዙት ጌቶችና ነጋዴዎች፣ ራሳቸው የሚሰደቡት ፖለቲከኞችም ነበሩ።

ማየት ግን ነፃ ነበር። ሱቆቹ አዲሱን ሥዕል የመስኮት መስታወት ላይ ይለጥፉታል። በአንድ መስታወት አንድ ሥዕል። አላፊ አግዳሚው ይቆማል፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለታል። ፎርስ የሚባል የፒካዲሊ ነጋዴ ደግሞ የስላቅ ሥዕሎች ጥራዝ ለአንድ ምሽት ያከራይ ነበር። እንግዳ ሲጠሩ የሚያዩት ነገር እንዲኖር ማለት ነው፤ እኛ ቪዲዮ ካሴት እንከራይ እንደነበረው።

አንድ ሥዕል ፈልገህ ተመልከት። ጊልሬይ በ1808 የሠራው ነው፤ መንገዱ አንሸራታች ስለሆነበት ቀን። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በጀርባው ወድቋል። ሳንቲሙ ተበትኗል። የአየር ሙቀት መለኪያውን ግን ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ከኋላው ሰዎች ሱቅ መስኮት ላይ አፍጥጠዋል። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም። መስታወቱ ላይ ያሉት ሥዕሎች የራሱ የጊልሬይ ናቸው፤ ትንንሽ ቢሆኑም ይለያሉ። ሱቁ ሴይንት ጄምስ መንገድ ቁጥር 27 ያለው የሐና ሀምፍሪ ሱቅ ነው።

ስለ ሐና ጥቂት ማለት አለብኝ። ብዙ ጽሑፍ “የጊልሬይ አሳታሚ” ብሎ ያልፋታል። ሴትየዋ ነጋዴ ናት። ሱቁ የሷ ነው፣ ሰሌዳዎቹን የምትይዘው እሷ ናት። ጊልሬይ የሚኖረው ከሱቋ በላይ ባለው ፎቅ ነበር። በመጨረሻ ዓይኑ ደከመ፣ ቀጥሎ አእምሮው ታወከ። እስኪሞት ያስታመመችው እሷ ናት። በጁን 1815 ሞተ። ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ የተሸነፈው ከዚያ ከ17 ቀን በኋላ ነው። ከሐና በፊትም ሜሪ ዳርሊ ነበረች። ከባሏ ጋር ሱቅ ነበራት፣ ራሷም ትስል ነበር። በ1762 ሰው እንዴት ካሪካቸር፣ ማለትም መልክን እያጋነነ የሚያሾፍ ሥዕል፣ መሳል እንደሚችል የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትማለች። ይህ ንግድ በሴቶች እጅም የቆመ ነው። ሲነገር ብሰማ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ናፖሊዮን እውነት አጭር ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነበር፤ በዘመኑ ለፈረንሳዊ ወንድ የተለመደ ቁመት። የፈረንሳይ ኢንች ከእንግሊዝ ኢንች ይረዝም ስለነበር ቁጥሩ ሲነበብ አሳጠረው። የቀረውን ጊልሬይ ጨረሰው። “ትንሹ ቦኒ” ብሎ ቡትስ የዋጠው ልጅ አድርጎ ደጋግሞ ሳለው። ዓለም እስከ ዛሬ ያንን አምኖ ይኖራል።

ጥያቄ፦ እኔም ካርቱን እሥላለሁ፣ ሐዋሳ። ንጉሥን እንደዚያ እየሳሉ አይታሰሩም ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልብ ይነካል። እንግሊዝ ውስጥ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ የማስፈለጉ ሕግ የቀረው በ1695 ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት መክሰስ የሚችለው ከታተመ በኋላ ነው። ሥዕልን መክሰስ ደግሞ ያስቸግራል። ፍርድ ቤት ቆሞ “ይህ ቦርጫም አልጋ ወራሹ ልዑል ነው” ብሎ ማስረዳት ለልዑሉም አይመችም።

ሠዓሊው ራሱ ደግሞ በሕግ መብት ነበረው። ከጊልሬይ በፊት የነበረው ሠዓሊ ዊሊያም ሆጋርዝ ሥራዎቹን ሌሎች እየቀዱ ሲሸጡበት ፓርላማ ድረስ ሄዶ ተሟገተ። በ1735 ሕግ ወጣ፤ የቀረጸ ሰው ለ14 ዓመት መብቱ ይጠበቅለታል። ሆጋርዝ የጋለሞታዋ ሕይወት ተከታታይ ሥዕሎቹን ሲቀዱበት ተቃጥሎ ስለነበር፣ ቀጣዩን ሥራ ሕጉ እስኪጸና ድረስ ይዞ ቆየ። በአንተ ሥራ ሌላው ሲነግድ ምን እንደሚሰማህ ታውቃለህ።

እስር አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ዊሊያም ሆላንድ የሚባለው የሥዕል ነጋዴ በ1793 ኒውጌት በሚባለው የለንደን እስር ቤት ታስሯል፤ የተከሰሰው በሥዕል ሳይሆን የንጉሥ አገዛዝን የሚቃወመውን የቶማስ ፔይንን ጽሑፍ በመሸጡ ነው። ጊልሬይም በ1796 የልዑሉን ሕፃን ልደት ከሰብአ ሰገል ስጦታ ጋር አገናኝቶ በመሳሉ ሃይማኖት ነካህ ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ ሳይገፋ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ከፒት መንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ድጎማ ይቆረጥለት ጀመር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። እስር ያልቻለውን ገንዘብ ቻለ። በ1820ም ሌላው የስላቅ ሠዓሊ ጆርጅ ክሩክሻንክ ንጉሡን በብልግና ሁኔታ ላለመሳል ቃል ገብቶ 100 ፓውንድ ተቀብሏል፤ የፈረመበት ደረሰኝ አለ። ሰዎቹን አልኮንንም፤ መዳብም ወረቀትም በነፃ አይገኝም። ሥዕላቸውን ሳይ ግን ቀኑን አያለሁ። ከክፍያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ፑዲንጉ የተሳለው በኋላ ነው። ቢሆንም ትልቁን ቁራሽ ለፒት ሰጠው። ጊልሬይን የማከብረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ የሥነ ጥበብ ተማሪ ናት። “አያቴ፣ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ጥቁር ሰው አለ? ኢትዮጵያስ አለች?” አለችኝ። መልሱን ከእርስዎ ልስማ።

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱም አሉ። ጥቁር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳለው ለመሳቂያ ነው፤ ከንፈሩ ተጋንኖ፣ ሎሌ ሆኖ። ልጅቷ ይህን ብታይ ያማታል፤ አስቀድመው ይንገሯት። ከዚያ የተለየም አለ። በ1791 ፓርላማ ስለ ባሪያ ንግድ ሲከራከር በምዕራብ ህንድ ደሴቶች ስለተፈጸመ ግፍ ተነግሮ ነበር። ጊልሬይ ያንን ሳለው። የእርሻው አለቃ አንድ አፍሪካዊ በፈላ የስኳር ጋን ውስጥ ሲነክር ያሳያል። የሚያስቅ ነገር የለውም። ብቻዋን ባታየው ይሻላል።

ኢትዮጵያን የሚነካው ደግሞ የተሠራው ኤዲንብራ ነው። ጆን ኬይ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሙያውን ትቶ የከተማውን ሰው ሁሉ ይስል ጀመር። በ1791 ጄምስ ብሩስን ሳለው። ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ፣ ጎንደር ተቀምጦ፣ የግልገል አባይን ምንጭ ግሽ ድረስ ሄዶ ያየው ስኮትላንዳዊ ነው። አገሩ ሲመለስ የተናገረውን ብዙ ሰው አላመነውም። ሳሙኤል ጆንሰንን የመሰለ ሊቅ እንኳ ተጠራጠረው። በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ሳቁ ባሰ።

በኬይ ሥዕል ብሩስ ከፒተር ዊሊያምሰን ጋር ቆሟል። ዊሊያምሰን በልጅነቱ ከአበርዲን ታፍኖ አሜሪካ የተሸጠ፣ ኋላ ተመልሶ የኤዲንብራን የአድራሻ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። ብሩስ “የጉዞ ታሪክህ ውስጥ አንድም እውነት የለም” ይለዋል። ዊሊያምሰን ሲመልስ፣ እኔ አንበሳ አልበላሁም፣ የላም ግማሽ በልቼ የቀረችውን ሣር ላይ አላሰማራሁም፤ ግን የአድራሻ መጽሐፌ አንድ ገጽ ካንተ አምስት ቅጽ የበለጠ እውነት አለው ይለዋል። ስታናግረኝ የአባይ ምንጭ ላይ ያለህ አይምሰልህ ብሎም ይጨምርለታል።

መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ። ቆይቶ ከፋኝ። የሳቁበት ነገር ብሩስ በኢትዮጵያ ሲበላ አየሁ ያለው ጥሬ ሥጋ ነው። በእኛ አገር ለሠርግና ለፋሲካ የሚቀርብ ብርንዶ ነው፤ ማንም ሥጋ ቤት ገብቶ የሚያየው። ከቁም ከብት ሥጋ ተቆረጠ የሚለው ላይ እኛው ራሳችን እንከራከር ይሆናል። ያላመኑት ግን እሱን ብቻ አይደለም። አንድ ሙሉ አገር ነው ያላመኑት፤ ጎንደርን፣ እቴጌ ምንትዋብን፣ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጭምር። ብሩስ በ1794 ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ሥዕሉን ለልጅ ልጅዎ ሲያሳዩ፣ ይህ ሰው ከኢትዮጵያ ሲመለስ ሦስት የግዕዝ መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ እንደነበር ይንገሯት። አንዱ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ። በ1821 መጽሐፈ ሄኖክ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ የታተመው ከዚያ ብራና ተተርጉሞ ነው።